ሰባተኛው አሜን

የእማማ ደጊቱ ግራ ጆሮ ከከበደ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ቀኙ ግን ደህና ነው። ምራታቸው ሽታዬ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ያም ሆኖ፣ በ2011 ዓ.ም. ጥር ሃያ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ቆሰበር ዳር ባለው ግቢያቸው በርጩማ አውጥታ አማቷን ፀሐይ ላይ ስታስቀምጥ፣ ፈረሱን ያሰረችው በግራ ጆሯቸው በኩል ነበር። ጆሮው ለከበደ ሰው ጮክ ብሎ ማውራት ነውር የለበትም። በርጩማው ያረፈው ደግሞ ከሳሎኑ መስኮት ሥር ነው። መስኮቱ ክፍት ነበር።

ሳሎኑ ውስጥ ሰባት ወንዶች ተሰብስበዋል። ሕዝባቸው በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ ሕግና በራሱ ባንዲራ ነፃ ሆኖ እንዲኖር የሚታገል ንቅናቄ አላቸው። ሊቀ መንበሩ የሽታዬ ባል እንግዳው ነው። የዕለቱ አጀንዳ አንድ ብቻ ነበር፤ ከሦስት ቀን በኋላ በሚከበረው የፈረሰኞች በዓል ላይ ባንዲራው በየትኛው ፈረስ፣ በማን እጅ ይወጣል የሚል። ፈረሱ ተገኝቷል። ግቢው ውስጥ የታሰረው ዳማ ፈረስ ነው። ዳማውን የሽታዬ አባት አቶ በዛብህ በሠርጓ ማግስት ከዳንግላ ድረስ ስበው አምጥተው በእጇ የሰጧት ነው። እንግዳው ባለፈው ሳምንት በስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ለንቅናቄው ሰጥቼዋለሁ» አለ። ተጨበጨበለት። ሽታዬ የሰማችው ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጭብጨባውን ከሚያደንቅ ሰው ነበር።

የወሰነችውም ያን ቀን ነው። በእነሱ ወገን ለበዓል የሚወጣን ፈረስ የምታስጌጠው የቤቱ እመቤት ናት፤ ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ዳማውን አጥባ፣ ግላሱን አልብሳ፣ ኮርቻውን ስትጭን፣ ለበዓሉ እየለካች ነው ብለው እንጂ የጠረጠራት የለም። ስትጨርስ ግን ዳማው የሚሄደው ወደ በዓሉ ሳይሆን ወደ ዳንግላ፣ ወደ አባቷ ቤት ነው፤ እሷንም ይዞ። የስምንት ዓመት ልጇን ናርዶስን ለትምህርት ቤት እረፍት በሚል አርብ ዕለት በሚኒባስ ልካታለች።

አንድ ነገር ብቻ ለራሷ ቃል ገብታለች። የመጨረሻውን ጠፍር እስክታጠብቅ ድረስ እንግዳው አንድ ጊዜ ወጥቶ በስሟ ከጠራት፣ ኮርቻውን አውርዳ ትቀራለች። «ድንቹ ደረሰ ወይ?» ማለት አይቆጠርም።

«ውርጩ ዛሬ በረታ አይደል እማማ?» አለች፣ የዳማውን ጋማ በጣቶቿ እየከፈለች። «ጉልበትዎ እንዴት አደረ? ... ወደ ፀሐይዋ ጠጋ ይበሉ፤ እንዲያ። ድንቹን እንኳ አልጎዳብንም። ሌሊቱን ስፈራ አድሬ ጠዋት ዞሬ አየሁት፤ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ነው የለበለበው። ተመስገን ነው። ድንች ከሌለን እኮ አገርም የለንም... ማለቴ፣ እንግዳ ሲመጣ ምን እናቀርባለን ብዬ ነው።

«ቅዳሜ ጥሊሊ ገበያ ወጥቼ አምሳለን አገኘኋት። አምሳለን ያውቋታል፤ ያቺ ድንች የምትሸጠው ሳቂታዋ። አንድ ጎረቤት አላት አሉ እማማ! ባለትዳር ሰው ነው። እንዴት ያለ ሰው፣ እንዴት ያለ ጨዋ መሰለዎት! ስሙን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። የሰው ስም ማንሣት ምን ይሠራል? ሥራው ካለ ስሙ ምን ያደርጋል?

«ይኸ ሰው ለወገኑ ነፃነት የሚታገል ነው። እንደኛ ቤት ሰው ማለት ነው... በመታገሉ ብቻ እንጂ በሌላው እንኳ ምን አገናኝቷቸው! የእርስዎ ልጅ ከእንዲህ ያለው ጋር አይነጻጸርም፤ ተመስገን። እኔስ ምን ብዬ አማርራለሁ?»

ውስጥ ቃለ ጉባኤ እየተነበበ ነበር። አንባቢው መልካሙ ነው፤ ድምፁ ቀጭን ነው። ሽታዬ ድምፁ እስኪያልፍ አልጠበቀችም፤ የራሷን አንድ እርከን ከፍ አደረገች።

«ከራስ በላይ ነፋስ ይላል ሰው አይደል? ይኸ የጥሊሊው ሰው ግን አይልም። ከራሱ በላይ ሕዝብ ነው ያለው። ታዲያ ነፋሱ ለማን ተረፈ? ... ለሚስቱ ነዋ! የቤታቸው ቆርቆሮ ሁለት ክረምት ሙሉ ሲያፈስ፣ የሚያፈሰው ከአልጋው በእሷ በኩል ነው አሉ። እሱማ ምን ያድርግ? መሰላል ላይ የወጣ ሰው ሕዝብን ከላይ ወደ ታች ማየት ይሆንበታል። እንዲህ ያለ ትሑት ነው።

«ስብሰባው ደግሞ ሁልጊዜ በእሱ ቤት ነው። ቸርነቱን አዩልኝ! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል የሚባለው? የእነሱ ድር ሲያብር አንድ ድስት ድንች ያልቃል። አንበሳውስ አልሁ እኔ። አምሳለ ምን ብትል ጥሩ ነው? ‹አንበሳውማ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል› አለችኝ።»

በመስኮቱ በኩል ሳቅ አመለጠ። ካሳው ነበር፤ ከሰባቱ የሚስቅ አንጀት ያለው እሱ ብቻ ነው። «እውነቷን ነው፣ ጥሊሊዎች እንዲያ ናቸው» ሲል ተሰማ። ማንም አልተከተለውም። ቃለ ጉባኤው ከቆመበት ቀጠለ፤ ከመልካሙ ድምፅ ሥር ግን ሽታዬ የምታውቀው የእንግዳው አጭር ደረቅ ሳል ወጣ። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር የዚህን ሳል ትርጉም ተምራዋለች። ሰምቻለሁ ማለት ነው።

ደስ አላት። ከጠዋት ጀምሮ የያዛት ነገር ፍርሃት ሳይሆን ሳቅ መሆኑን አሁን ነው ያወቀችው። ግላሱን አንሥታ አራገፈችውና በዳማው ጀርባ ላይ ዘረጋችው። ቀይ ነው፤ ዳር ዳሩን በቢጫ ክር የጠለፈችው ራሷ ናት።

«ጥልፍ ሲነሣ ትዝ አለኝ!» አለች። «ያቺ የጥሊሊዋ ሴት ለሠርጓ የጠለፈችው የአልጋ ልብስ ነበራት አሉ። ነጭ፣ ሰፊ። መቼም ልጃገረድ ሆነን ያልጠለፍነው የለም፤ ጥጉ ላይ ሁለት ወፍ፣ መካከሉ ላይ በትልልቁ ‹መልካም እንቅልፍ›። እና አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ አልጋው ራቁቱን ነው። የት ሄደ? ... ባንዲራ ሆኗል! ቀለም ተቀብቶ፣ ዘንግ ላይ ተሰቅሎ፣ ደረቅ ብሎ ጠበቃት። ጨርቅ ጠፍቶ እኮ አይደለም። ‹ከቤቴ የሌለ ነገር ለአገሬ አልሰጥም› ብሎ ነው። እንዲህ ያለ ባል ከየት ይገኛል?

«ችግሩ ቀለሙ ስስ ነው። ነፋስ ሲመታውና ፀሐይ ከጀርባው ስትሆን፣ አገር ምድሩ ቆሞ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እያየው፣ ባንዲራው ‹መልካም እንቅልፍ› ይላል አሉ።»

እማማ ደጊቱ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«አይሳቁ እማማ፣ ነውር ነው! እኔ እንኳ አልሳቅሁም... ያን ጊዜ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ሲሉ ሰምቼ ለነገሩ ነበር የሚመስለኝ። ለካ አልጋውንም ይዞት የሚወጣ አለ።»

ውስጥ ንባቡ ቆመ። ማን እንዳስቆመው አልታወቀም። ባንዲራው እዚያው ሳሎን ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ነው የተሰቀለው፤ ሰባቱም ወንዶች ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል። ከመስኮቱ የምትገባው የጠዋት ፀሐይ በቀጥታ የምታርፈው እሱ ላይ ነው። ካሳው ባነሰ ድምፅ «ወይኔ» አለ።

ከዚህ በኋላ ስለ ጥሊሊ የተናገረ የለም።

ሽታዬ ኮርቻውን አነሣች። ከባድ ነው። በእርግዝናዋ ወራት ካልሆነ በቀር ሰው አግዟት አያውቅም፤ በጉልበቷ ደግፋ አንድ ጊዜ ወርውራ አስቀመጠችው። ዳማው አንድ እርምጃ ተንቀሳቅሶ ቆመ። እማማ ደጊቱ በዚህ መካከል ከበርጩማቸው ተነሡ፤ በርጩማውን ዞር አደረጉና እንደገና ተቀመጡ። አሁን ወደ ምራታቸው የዞረው ቀኙ፣ ደህናው ጆሮ ነው። ሽታዬ አየች። ድምፅዋን ግን ዝቅ አላደረገችም።

«ጽሑፍም ይችልበታል እማማ። ብዕሩ ያስለቅሳል። ባለፈው ዓመት ስለ አንዲት ከሰል አክሳይ ሴት ጽፎ ለሕዝብ ተነበበለት፤ አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ። ባሏ የተከለውን የዲከረንስ ዛፍ ራሷ ስትቆርጥ፣ ራሷ ስትቆልል፣ ራሷ አፈር አልብሳ ስትለኩስ፣ ጭሱ ደረቷን ሲበላው፣ ፊቷ ጠቁሮ ልጇ እንኳ ስትፈራት... አንጀት ይበላል። ‹ይህች ሴት የሕዝባችን ምሳሌ ናት፤ ማን ያያታል?› ብሎ ነው የጨረሰው። እውነቱን ነው፣ ማን ያያታል!

«ሲጽፈው ሌሊት አልነበረም፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ደጁ ላይ ተቀምጦ ነው። ሴትዮዋ ከጓሮ ከሰሉን አውጥታ እያሳለች ስትመጣ፣ ‹እባክሽ ሐሳቤን አትበትኚብኝ፣ ከባድ ነገር ላይ ነኝ› አላት አሉ። ... ከባድ ነገርማ ነው። ኩንታሉን ብቻዋን ነበራ የተሸከመችው።

«ታስሮም ያውቃል። ይኸን እንኳ በቀልድ አላነሣውም፤ መታሰር ቀልድ አይደለም። አርባ ሦስት ቀን ነው። አርባ ሦስት ቀን ሙሉ ስንቅ ሲመላለስለት ቆየ። እርስዎ ‹ማን አመላለሰው?› ይሉ ይሆናል... ስንቅ ይመላለሳላ፤ ራሱን በራሱ። ሲፈታ ድግስ ተደረገና ተነሥቶ አመሰገነ። ወጣቶቹን አመሰገነ፣ ሽማግሌዎቹን አመሰገነ፣ በውጭ ያሉትን አመሰገነ፣ ዝናብ ሳይል ስንቁን እስከ በር ያደረሰውን ባለ ባጃጅ በስሙ ጠርቶ አመሰገነ። ምስጋና አዋቂ ሰው እኮ ነው! ስንቁን የቋጠረችው ሴት ያን ሰዓት ሳህን ታነሣ ነበርና፣ ብትጠራም አትሰማ ብሎ ይሆናል።»

ሳሉ እንደገና መጣ። አሁን ረዘም ብሏል። ወዲያው የእንግዳው ድምፅ ተከተለ፤ ዝግ ያለ፣ የሊቀ መንበር ድምፅ። «ወደ አጀንዳችን እንመለስ።» ሽታዬ የጎኑን ጠፍር በእጇ ይዛ ጠበቀች። ወንበር ተንቀሳቀሰ። ንቅናቄው ባለ አሥራ ስምንት አንቀጽ መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ የጻፈው እንግዳው ነው፤ አራተኛው አንቀጽ አጀንዳ ሳያልቅ ከስብሰባ መውጣት ክልክል ነው ይላል። በሦስት ዓመት ውስጥ አንቀጹን የጣሰ የለም። ናርዶስ ስትወለድ ንቅናቄው አልነበረም፤ በኩፍኝ ስትታመም ግን ነበር። ያን ቀንም አልተጣሰም።

ወንበሩ መልሶ ዝም አለ።

«ልጅም አላቸው» አለች ሽታዬ፤ ድምፅዋ ለአፍታ ቀጠነና ተመለሰ። «ብልጥ ናት አሉ፤ አባቷን መስላ። አስተማሪዋ ‹አባትሽ ምንድን ነው ሥራው?› ስትላት ‹አባቴ ስብሰባ ነው› አለች። ‹አሁን የት ነው አላልኩሽም፤ ሥራውን ነው የጠየቅኩሽ።› ‹እሱን ነው የነገርኩዎት።› ... ምን ታጠፋለች? ያየችውን ነው የተናገረችው። እኛም ያየነውን ብንናገር ኖሮ ዛሬ የት በደረስን!

«ደግሞ ቋንቋ መውደዱ! ‹ማንም ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው የመደመጥ መብት አለው› ይላል፤ ሁለት ጊዜ በማይክራፎን ሲለው ተሰምቷል። ሚስቱ በአገውኛ ብታወራው ‹ቆይ›፣ በአማርኛ ብታወራው ‹ቆይ›። አድልዎ የለበትም። አንድ ጊዜ ደውሎላት ያውቃል አሉ እማማ፣ ሥራ ላይ ሳለች። ደነገጠች፤ ሰው የሞተ መስሏት ነበር። ‹ጓድ፣ ሰነዱ ደረሰህ?› አላት። ‹እኔ ነኝ› ብትለው፣ ‹ይቅርታ፣ ቁጥር ተሳስቼ ነው› ብሎ ዘጋው። እንዴት ያለ ጨዋ! ስንቱ ወንድ ለሚስቱ ይቅርታ ይላል?»

እማማ ደጊቱ አሁን ነጠላውን ከአፋቸው አውርደውታል። አይስቁም፤ የልጃቸውን መስኮት ያዩ ነበር።

የሳሎኑ በር የተከፈተው በዚህ ጊዜ ነው።

ሽታዬ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ነበርና ድምፁን እንጂ በሩን አላየችም። እጇ ጠፍሩ ላይ ቆመ። ማጠፊያውን ታውቀዋለች፤ ዘይት ካጣ ቆይቷል፤ ሲከፈት መጀመሪያ ያቃስታል፣ ከዚያ ይጮሃል። አቃሰተ። ጮኸ። ስሟ ሦስት ፊደል ነው፤ ለማለት ጊዜ አይወስድም። ዞረች።

ከበሩ የወጣው እጅ ብቻ ነው። ጥቁር ማሰሪያ ያላት ሰዓት ያሰረ፣ የምታውቀው እጅ። ባዶውን የድንች ሳህን ደፉ ላይ አስቀመጠ፤ በጣቱ ሁለት ጊዜ ጠርዙን አንኳኳ፤ ተመልሶ ገባ። ሰውየው አንቀጽ አራትን አልጣሰም። እግሩ ከሳሎኑ አልወጣም።

ሽታዬ ሳህኑን አየችው። ሳቁ መጣባት፤ ያው የጠዋቱ ሳቅ፣ አሁን ግን እንባ አዝሎ ነው። በአይበሉባዋ ጠረገችና ወደ ዳማው ተመለሰች። አንዱን ጠፍር አጠበቀች። አንድ ቀረ።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላሉ» አለች፤ ዳማውን አንገቱን እየመታች። «ሚስትም እንደሱው ናት መሰለኝ። ታደርሳለች፤ ውጊያው የእነሱ ነው። ... ግን የት እንደምታደርስ ማን ጠይቆ ያውቃል?

«እሱ ሰውዬ ወጣት ሳለ እኮ እንዲህ አልነበረም አሉ። አምሳለ ናት ያለችኝ። ዘንገና ዳር፣ ከሐይቁ በላይ ባለው ቀጭን መንገድ፣ ልጅቷን ፈረስ ላይ አስቀምጦ እሱ በእግሩ ልጓሙን ስቦ ዞረ። ዙሪያውን ሁሉ! ጭቃው እስከ ጉልበቱ ነበር። ‹ውረድ አትበዪኝ፣ ውጣም አትበዪኝ፤ ዝም ብለሽ ብትጠሪኝም እሰማለሁ፤ ከእጅሽ ብቻ ነፃ አታውጪኝ› አላት። ሳቀችበት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ምን ታውቃለች? ... ከአንቺ እጅ ነፃ አታውጪኝ ብሎ የለመነ ሰው፣ አሁን ሕዝብ ነፃ ያወጣል። ሰው ሲያድግ ደስ ይላል።»

ውስጥ ብዕር አይጫርም፤ ወረቀት አይገለጥም። ስድስቱ ሰዎች የት ያዩ እንደነበር ሽታዬ ማየት አትችልም። ግን ታውቅ ነበር።

በቅድመ አያቷ ጊዜም ሆነ በእሷ ጊዜ፣ በዚያ አገር ያልተለወጠ አንድ ልማድ አለ። ሰው ሲመርቅ የሰማ ሁሉ አሜን ይላል። ለማን እንደተመረቀ አይጠየቅም፤ ከአጥር ወዲያም ቢሆን፣ በመንገድ አላፊም ቢሆን። ምርቃት ሰምቶ ዝም ማለት ክፉ መመኘት ነው። መተዳደሪያ ደንቡ ስለዚህ ምንም አይልም፤ ማለትም አላስፈለገውም።

ሽታዬ ነጠላዋን አጣፋች። ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች። ድምፅዋ ለሰለሰ፤ ማር ሆነ።

«እንግዲህ እማማ፣ የሰው ነገር አንሥቶ ሳይመርቁ መሄድ ነውር ነው። ለዚያ ለጥሊሊው ሰው ልመርቅለት፤ እርስዎም አሜን ይበሉልኝ። እግዚአብሔር የደከመለትን ሕዝብ ነፃ ያውጣለት! ባንዲራውን ከፍ ያድርግለት!»

«አሜን!» አለ ሳሎኑ። ሰባት ድምፅ ነበር። አንዱ የእሱ ነው።

«የተመኘውን ነፃነት ከሁሉ አስቀድሞ በገዛ ቤቱ ያሳየው! በር ሲከፍት ‹የት ነበርህ› የሚለው የማይኖርበት፣ ራት ይዞ የሚጠብቀው የማይኖርበት፣ የሚያስል የማይኖርበት፣ ሰፊ፣ ጸጥ ያለ፣ ነፃ ቤት ይስጠው!»

«አሜን» አሉ። ስድስቱ በአንድ ላይ፣ ሰባተኛው ትንሽ ዘግይቶ። ስድስት ሰው እያየው፣ ስለ ነፃነት በተመረቀ ምርቃት አሜን የማይል ሊቀ መንበር አይኖርም።

የመጨረሻውን ጠፍር ያዘች። ሳበችው። ጠበቀ። እግሯን እርካብ ላይ አድርጋ አንድ ጊዜ ተነሥታ ተቀመጠች፤ አባቷ በሰባት ዓመቷ እንዳስተማሯት። ከኮርቻው ላይ ሆና ራሷ ከመስኮቱ ከፍታ ጋር እኩል ሆነ፤ ወደ ውስጥ ግን አላየችም። ፊቷ ወደ እማማ ደጊቱ ነበር፤ ፈገግታዋም የእሳቸው ነበር።

«ያቺን ልጁንም ያሳድግለት፣ እማማ። ታድግለት፣ ትማርለት፣ ትዳር ትያዝለት። እሷም በተራዋ፣ ቀን ቀን የምታስበው፣ ማታ ማታ የምትጠብቀው፣ ቁርጥ አባቷን የመሰለ ባል ይስጣት!»

«አሜን!» አሉ ስድስት ድምፆች፤ ልማድ ነውና።

ሽታዬ ልጓሙን ወደ በሩ መለሰች። ዳማው የግቢውን በር በእርጋታ አለፈና የዳንግላን መንገድ ያዘ። ሳህኑ ደፉ ላይ እንዳለ ነው። እማማ ደጊቱ አሜን ሳይሉ ተቀምጠው፣ ደህናውን ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ጠበቁ። የኮቴው ድምፅ እስኪጠፋ ጠበቁ።

ሰባተኛው አሜን አልመጣም።